ግሬታ

ስሟ የሴት ይመስላል፤ ግሬታ ይሏታል፣
በኦአሃካ ገበያ በኪሎ ይሸጧታል።
ቢጫ ናት፣ ወደ ብርቱካን የምታደላ፣
እንደ በሶ የላመች፣ ግን ክብደቷ ሌላ፤
ጭብጥ የዘገናት ድንጋይ የያዘ ይመስለዋል፣
እፍ ያለባት ደግሞ ሳያውቅ ይውጣታል።

ፊት እርሳስ ነበረች፣ ግራጫ፣ ዝምተኛ፤
ከአየር ተጋባች፣ እሳት ሆኖ ዳኛ።
ከዚያ ጋብቻ የተወለደው ዱቄት
በውሃ አይሟሟም፣ ሽታ የለው፣ ምሬት።
ኮምጣጤ ሲነካው ጭራሽ ይጣፍጣል፤
"መርዝ መራራ ነው" ያለ ሰው ምን ይላል?

ኤድቪሔስ ታውቃታለች፣ ከእናቷ ጓዳ ጀምራ፤
በጣቷ ትበጠብጣታለች፣ ከአሸዋና ከመዳብ ዝገት ጋራ።
ድስቱን ትነክራለች፣ ታደርቃለች፣ ለእሳት ትሰጣለች፣
በማግስቱ የምድጃውን አፍ ስትከፍት
አረንጓዴ ብርሃን ፊቷ ላይ ይዘላል፣
ዝናብ ያጠበው ቅጠል ይመስላል።
ዶን ኢላሪዮ በጥፍሩ ያንኳኳል፤
"ይሄ ያበራል፣ ይሸጣል" ይላል።
ያላበራውን በጫማው ጫፍ ገፋ ያደርጋል።

በዚያው ድስት ጥቁሩ ቦሎቄ፣ ቃሪያው፣ ቲማቲሙ፣
ሎሚ የጠገበ መረቅ፣ ተከድኖ የሚያድር።
ኮምጣጣ ነገር ሌባ ነው፤
ልባሱን ሌሊቱን ሙሉ ይልሳል፣
ቅንጣት በቅንጣት የሰረቀውን ለቁርስ ያቀርባል።

ኔሬዮ ሰባት ዓመቱ ነው። "ሆዴን" ይላል።
ክፍል ውስጥ የእርሳሱን ጫፍ ያኝካል፣
የስሙን መጀመሪያ ፊደል ገልብጦ ይተክላል፣
ሁለተኛው ላይ እጁ ይቆማል።
መምህሯ፦ "ሰነፍ ነው።"
አያቱ፦ "የሰው ዓይን ነው።"
አጎቱ ምንም አላለ፤ እሱም በልጅነቱ እንዲሁ ነበር።

ነርስ ሶኮሮ መጣች፣ አቧራ በለበሰ መኪና፣
የሳሙና ሳጥን የምታህል ማሽን ይዛ።
ከጣቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ። ሦስት ደቂቃ ዝምታ።
"ሠላሳ አንድ።"
"ከስንት?" አለች ኤድቪሔስ፣ ፈተና መስሏት።
"ከዜሮ" አለቻት።

ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረቻት፤
አጥንት ካልሲየም መስሎት በር እንደሚከፍትለት፣
እንግዳው ገብቶ እንደማይወጣ፣ ዓመታት እንደሚያድር፣
እናት ስታረግዝ ግን ከተኛበት ነቅቶ
ወደ ልጇ እንደሚሻገር።
ኤድቪሔስ እጆቿን አየች።
ከእናቴ የወረስኩት ሙያ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔ በምጽፍበት ቋንቋ
ብረቱም እርሳስ ነው፣ ልጁ የሚጽፍበትም እርሳስ።
በእውነቱ በልጁ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤
በድስቱ ግን አለ።
አንዱ እንዳይረሳ ይጽፋል፣ አንዱ የተጻፈውን ያስረሳል።
ቃሉን ሰንጥቄ ባየው
"እርሳ" ብሎ ያዛል፣
"ስ" ብሎ ደግሞ ይጠይቃል፦
ልጁስ? እናቲቱስ? ገበያውስ?

ማታ የእናቷን ድስት ከመደርደሪያ አወረደች።
ልትሰብረው አነሳችው።
አልሰበረችውም።
በሚስማርና በመዶሻ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣
እንዳይሰነጠቅ ቀስ እያለች
ታቹን በሳችው።
እንግዲህ ሎሚ አይይዝም፣ መረቅ አይይዝም፤
መስኮቱ ላይ ሰቀለችው፣
ሥራ እንደፈታ ሽማግሌ ወደ ውጭ ያያል።

ዶን ኢላሪዮ ቅዳሜ ይመጣል፤
አርባ ድስት አዟል፣ ግማሹን ከፍሏል።
በጓሮው ጥግ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር፣
ግማሽ ጆንያ ግሬታ
አፏ ታስሮ
ትጠብቃለች።